አባዬ፣ እንዳትተኛ

— ሄሎ፣ መድኃኒት ቤት… አቤት… አባዬ? ምነው በሥራ ስልክ?… ሞባይሌ ጓዳ ውስጥ ቻርጅ ላይ ነው፣ አልሰማሁትም። ደህና ነህ?… እሺ፣ ጠይቀኝ። ቶሎ በል ግን፣ አምስት ሰው ተሰልፏል።

— ድገምልኝ… የእንቅልፉ ክኒን እስኪይዝ ስንት ሰዓት ይፈጃል? ግማሽ ሰዓት፣ ቢበዛ አንድ ሰዓት። ለዚህ ነው የደወልከው? ነግሬህ የለም እንዴ። አልጋህ ላይ ቁጭ ብለህ አንዲት ፍሬ ትውጣለህ፣ መብራት ታጠፋለህ፣ ትተኛለህ፣ አለቀ። ሣጥኑ ላይ በራሴ እጅ ጽፌልሃለሁ… አዎ፣ በቀይ እስክሪብቶ።

— ጋሼ፣ የእርስዎ የሳል ሽሮፕ ነው አይደል? አንድ ጊዜ ይታገሡኝ፣ አባቴ ነው።

— እና ምን ሆነ?… አልያዘህም። መቼ ነው ያልያዘህ፣ ትናንት ማታ?… ዛሬ። አባዬ፣ አሁን ከቀኑ ዘጠኝ ተኩል ነው። ፀሐይዋ በመስታወቱ ገብታ ዓይኔን እያጠፋችው ነው የማወራህ። የዛሬው ማታ ገና አልመጣም።

— ስምንት ሰዓት ላይ ዋጥክ። ምሳ በልተሃል?… አልበላህም። ጥሩ… አይ፣ ጥሩ አደረግህ ማለቴ አይደለም፣ ሰማሁህ ለማለት ነው። እስቲ ከመጀመሪያው ንገረኝ፣ ምንም ሳታስቀር።

— እማዬ ዛሬ ትመለሳለች። አውቃለሁ፣ ከትምህርት ቤት በቀጥታ ወደ ቤት ነው የምትመጣው። አሥራ ሁለት ቀን እህቷ ቤት አድራ… አይ፣ አልሸሸችህም። ሌሊት ሌሊት ቁም ሣጥን እየከፈተ ዕቃ የሚደረድር ሰው አጠገቧ ተኝቶ… ተኝቶ እንኳ አይባልም፣ ሌሊቱን አጠገቧ እየዋለ፣ ጠዋት ሃምሳ ተማሪ ፊት መቆም አቃታት። ሌላ ምንም የለም።

— እሺ… እሺ። ማታ ሦስት ሰዓት ላይ እንደ ባልና ሚስት አብረሃት ልትተኛ ፈለግህ። ገባኝ… አባዬ፣ ይሄንን ለእኔ አትነግረኝም እኮ፣ ልጃችሁ ነኝ። ሠላሳ ስምንት ዓመት አንተ ሌሊቱን ጋግረህ ከዳቦ ቤት ስትገባ እሷ ጠመኔዋን ይዛ ስትወጣ በር ላይ ስትተላለፉ በመሃላችሁ የቆምኩት እኔ ነኝ። ወደ ክኒኑ ተመለስልኝ… ቀስ እያለ እንዲይዝህ ብለህ ቀደም አድርገህ ጀመርከው። ለሌሊት የሚጋገር ሊጥ ከቀን ነው የሚቦካው፣ አልክ። አባዬ፣ ክኒን ሊጥ አይደለም።

— ከዚያስ?… ግማሽ ሰዓት ጠበቅህ፣ አልነሳም… አልያዘኝም በል። ምን አደረግህ?… ሙቀት ጨመርክበት። ሙቀት ምንድን ነው፣ ብርድ ልብስ ነው?

— አባዬ። ምን ጠጣህ?

— ኮኛክ። የትኛውን ኮኛክ?… በጡረታህ ቀን ጓደኞችህ የሰጡህን። ስንት?… አንድ። አንድ ምን፣ መለኪያ?… የሻይ ብርጭቆ። ሙሉ ነው?… እስከ አበባው ድረስ። አበባው ብርጭቆው ላይ የት ነው ያለው፣ ከታች ነው ከላይ?… ከላይ።

— እሺ። ሙቀትም ጨምረህበት አልነሳ ሲልህ ምን አደረግህ?… እርሾ ጨመርክ። እርሾ ያልከው ሁለተኛ ክኒን ነው።

— ሚጡ፣ የያዝሽውን አስቀምጪና ነይ። የእኔን ሞባይል ከጓዳ አምጪ፣ አምቡላንስ ጥሪልኝ። የአባዬ ቤት፣ ባለፈው ፖስታ ያደረስሽበት ሕንፃ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ በስተግራ። ስልሳ ሦስት ዓመቱ ነው በያቸው። የእንቅልፍ ክኒንና ኮኛክ፣ ባዶ ሆዱን። ከዚያ ለእማዬ ትምህርት ቤት ደውዪ፣ እሷ ክፍል ውስጥ ስልኳን ታጠፋዋለች፣ «ጸሐፊ» ብዬ ያስገባሁት ቁጥር አለ… አዎ፣ አሁን። እያወራሁት ነው፣ አሁን ደህና ነው።

— አለሁ አባዬ… አዎ፣ አምቡላንስ ነው ያልኩት… ጎረቤት ቢያይ ይይ። ሦስተኛ ፎቅ ነው የምትኖረው፣ ሁለት ፎቅ ሕዝብ ብቻ ነው የሚያይህ… አይሆንም። ለእናትሽ አትንገሪ ብለህ ብትለምነኝም እነግራታለሁ። እንዲያውም እየተነገራት ነው።

— አብረህ አልወሰድከውም። ክኒኑን በውሃ ዋጥክ፣ ጠበቅህ፣ ኮኛኩን ለብቻው ጠጣህ። እኔም «ከአልኮል ጋር አይወሰድም» ነው የጻፍኩት። አየህ አባዬ፣ ሆድህ ውስጥ ግድግዳ የለም። ግማሽ ሰዓት ብትለያያቸውም ደምህ ውስጥ ይገናኛሉ። ክኒኑ አንጎልህን ቀስ በል ይለዋል፣ መጠጡም ቀስ በል ይለዋል፣ ሁለቱ ሲተባበሩበት መተንፈስህንም ቀስ ያደርገዋል… ምን ያህል ቀስ? አንዳንዴ እስኪቆም።

— አልተቆጣሁህም። በዚህ ድምፄ ነው ለሁሉም የማወራው። አሁን የምልህን ታደርጋለህ። ስልኩን ስፒከር ላይ አድርገውና ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው… አደረግህ? ሣጥኑን አምጣ። ክኒኖቹ የታሸጉባቸውን ሦስቱንም ቅጠሎች ከሣጥኑ አውጣና የቀሩትን ፍሬዎች ቁጠርልኝ። በጣትህ እየነካህ፣ ድምፅህን አውጥተህ።

— እህቴ፣ ዳይፐሩ በስተቀኝ መደርደሪያው ላይ ነው፣ በየቁጥሩ። አዎ፣ ራስሽ አንሺ።

— …አሥራ ሰባት፣ አሥራ ስምንት፣ አሥራ ዘጠኝ። አበቃ? ሌላ የለም?… መሬት ላይ የወደቀ?… ድገመው አባዬ። ቀስ ብለህ… አሥራ ዘጠኝ።

— ስማኝ። ሠላሳ ሰጠሁህ። ስምንት ሌሊት ስምንት ዋጥክ፣ ሃያ ሁለት ቀረ። ዛሬ ሁለት ዋጥክ፣ ሃያ ይቀራል። አንድ ጎደለች… መደብሩ አጉድሎ አይደለም፣ መደብሩ እኔ ነኝ። አንተ ነህ የዋጥካት… አልዋጥኩም አትበል፣ አላስታውስም በል… ወጥ ቤት ውስጥ በእጅህ የውሃ ብርጭቆ ይዘህ ቆመህ ራስህን አገኘኸው። ለምን እንደቆምክ ጠፋህ። እሱ ነው። ሦስተኛዋ እዚያ ጋ ነው የገባችው። መጠጥና ክኒን ሲገናኙ መጀመሪያ የሚሰርቁት ማስታወስህን ነው። ሰው ሦስት ውጦ ሁለት ነው ይልሃል፣ አምኖ አራተኛውን ያነሣል። ስለዚህ ያንን ሣጥን አሁኑኑ በመስኮት ወደ ውጭ… አይ፣ ቆይ፣ አትወርውረው፣ ሐኪሞቹ ማየት አለባቸው። ጠረጴዛው ላይ ተወው። ጠርሙሱንም አጠገቡ አስቀምጠው።

— ምን አሉ ሚጡ?… ተነሥተዋል። ሃያ ደቂቃ… እማዬስ?… ጸሐፊዋ ክፍል ድረስ ሄዳ ልትጠራት ነው። እሺ። ስልኩን ከእጅሽ አትለዪው።

— አባዬ፣ እግርህ እንዴት ነው?… ጥጥ። ጥጥም ቢሆን አሁን ይሠራልሃል፣ ኋላ ላይሠራ ይችላል። ግድግዳውን ተደግፈህ ሂድና የውጪውን በር ክፈተው። ቁልፉን ብቻ አይደለም፣ በሩን ራሱን ወለል አድርገህ ተወው። ስልኩን ያዘው፣ ሂድ፣ እጠብቅሃለሁ።

— ጋሼ፣ ሽሮፕዎ ይኸውልዎት፣ በቀን ሦስት ጊዜ፣ በዚህች ማንኪያ… ምን አሉኝ?… የእህትዎ ባል ሁልጊዜ በቢራ ነበር የሚውጠው። ምንም ሳይሆን። አሁን የት ነው?… ነፍስ ይማር… መኪና ሲነዳ ነው እንጂ ከዚህ ጋር አይገናኝም። ገባኝ ጋሼ። ይማርዎ።

— አባዬ፣ ከፈትከው?… ከፈትከው። እሰይ… ዘጋኸው? ለምን?… ብርድ ገባ። ይግባ… ምን?… ሊጥ እየተነሣ በር አይከፈትም።

— አባዬ። ቤትህ ውስጥ ሊጥ የለም… የለም አባቴ። ጡረታ ከወጣህ አራት ወርህ ነው። የቆምከው ቤትህ ኮሪደር ላይ ነው። በስተግራህ የእማዬ ጃንጥላ ተሰቅሏል? እየው… አየኸው። ጎበዝ። እንግዲህ ዳቦ ቤት አይደለህም። በሩን እንደገና ክፈተው።

— ሚጡ፣ ለአምቡላንሶቹ መልሰሽ ደውዪላቸው። ሦስት ነው የዋጠው በያቸው፣ መቀባጠር ጀምሯል በያቸው። በትክክል «መቀባጠር» በያቸው።

— ክፍት ነው? ሰው ይሰማሃል?… የደረጃው ድምፅ ይሰማሃል። ጥሩ። አሁን እዚያው በሩ አጠገብ መሬት ላይ ቁጭ በል፣ ጀርባህን ለግድግዳው ስጠው… ሶፋው ላይ አይሆንም። ሶፋ ያስተኛሃል… መሬቱ ይቀዘቅዛል፣ አዎ፣ ይቀዝቅዝ፣ ለዚህ ነው የመረጥኩልህ።

— ቡና አይሆንም። ቡና ስካሩንም ክኒኑንም አያወጣልህም፣ የነቃህ ያስመስልሃል እንጂ፤ ደግሞ ምድጃ ልትለኩስ ነው… ሻወርም አይሆንም። ልትወድቅ ነው… ጣትህን ጉሮሮህ ውስጥ እንዳታስገባ። እንቅልፍ እየጣለህ ብታስመልስ ወደ ሳንባህ ይገባል። ምንም አታድርግ። ቁጭ ብለህ ከእኔ ጋር አውራ፣ ሥራህ እሱ ነው።

— ተራው የማን ነው?… ወረቀቱን ይስጡኝ። ይሄ የደም ግፊት ነው፣ ሚጡ ትሰጥዎታለች። ሚጡ፣ ሁለተኛው መሳቢያ።

— አባዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ ነው። እዚህ ለሚመጣው ሁሉ የምንጠይቀው ነው፣ አንተም አባቴ ነህ ብዬ አልዘልልህም። ይሄንን ስታደርግ… መሞት ፈልገህ ነው?

— አባዬ? ትሰማኛለህ? መልስልኝ።

— …ፒጃማ?… አዲስ ፒጃማ ገዛህ። ለዛሬ ማታ… ሠላሳ ስምንት ዓመት ዱቄት በነካው ሱሪ ስትተኛ ኖረህ፣ መሞት የሚፈልግ ሰው ፒጃማ ይገዛል ወይ ነው የምትለኝ… አይገዛም። እሺ፣ አምኜሃለሁ። ምን ዓይነት ነው?… ሰማያዊ፣ ባለመስመር። አሁን ለብሰኸዋል?… ለብሰኸዋል። ከነመለያው። መለያው ይቆየው፣ አትንካው፣ መቀስ እንዳታነሣ።

— አይ፣ አላለቅስም። ጉንፋን ይዞኛል። መድኃኒት ቤት ውስጥ የሚሠራ ሰው ጉንፋን አይይዘውም ያለህ ማነው?

— ሄሎ?… እየተኛህብኝ ነው። አባዬ፣ ዓይንህን ክፈት… ይሄን ያህል ዘመን እምቢ ያለህ እንቅልፍ ዛሬ መጣ፣ እኔ ደግሞ አባርረዋለሁ። ብታዝንብኝም አልለቅህም። ለመቶ ኪሎ ዱቄት ስንት ውሃ ነው?

— ስልሳ። ልክ ነህ። ጨውስ?… ሁለት ኪሎ። እርሾው?… አንድ ተኩል፣ ክረምት ከሆነ ሁለት። እሰይ። የአሥር ዓመት ልጅ ሳለሁ ነው ያስጠናኸኝ፣ የማባዛት ሰንጠረዥ ሳልይዝ እሱን ያዝኩ። አሁን ለሃምሳ ኪሎ ንገረኝ፣ ግማሹን ብቻ ነው… ሠላሳ ውሃ። ጨው?… አንድ። እርሾ?

— አሥር ኪሎ አይደለም አባዬ… አሥር አይደለም። እንደገና አስብ። ለሃምሳ ኪሎ… አባዬ?

— ሚጡ፣ ምን አሉ?… አምስት ደቂቃ? ይፍጠኑ በያቸው፣ የሚተነፍሰው ቀስ እያለ ነው በያቸው። እማዬስ?… ወጥታለች? በሩጫ?… ተመስገን።

— ሄሎ፣ አባዬ፣ ትሰማኛለህ?… «እሺ» ብቻ አትበለኝ፣ ሌላ ቃል በል… ምን እያሰብክ ነው?… ማን ናት እሷ?… እማዬ። ስለ እማዬ ምን?… ስትተኛ ምን እንደምትመስል አታውቅም።

— …አዎ። ሁልጊዜ እሷ ስትተኛ አንተ ሥራ ላይ ነበርክ፣ ከጡረታህ ወዲህም እንቅልፍ ነሥተሃታል። አውቃለሁ አባቴ… አልጋው ላይ አጠገቧ ሆነህ፣ አንተም ተኝተህ… አንተም ተኝተህ ከሆነማ መች ታያታለህ?… ቀስቅሶ ማየት ይቻላል አልክ። ማን ማንን ነው የሚቀሰቅሰው… እሺ፣ ይሄን በኋላ ትነግረኛለህ። አሁን ቀጥል። ምን ዓይነት አልጋ ልብስ አነጠፍክ?… አባዬ?

— አባዬ?

— ሄሎ?… ሄሎ?… አባዬ፣ ዓይንህን ክፈት። አባዬ፣ ፈርቻለሁ። ሰማኸኝ? ይሄንን ክኒን ሐኪሙ ሲያዝልህ ጥሩ ነው ብዬ በእጄ ቆጥሬ የሰጠሁህ እኔ ነኝ። ኮኛኩ ቁም ሣጥኑ ላይ እንዳለ እያየሁ ነው የሰጠሁህ፣ ቤት መጥቼ አይቼዋለሁ፣ አፌን ሞልቼ ይሄ ይውጣ አላልኩህም። አባቴ ይጠጣል ብዬ አስቤ አላውቅም። ለሌላው ሰው ሁሉ የምጠይቀውን አንተን አልጠየቅሁህም… አባዬ።

— እባካችሁ ዝም በሉልኝ። ሁላችሁም። የደረሰኝ ማሽኑንም ድምፅ አጥፊው ሚጡ።

— …

— ይሰማኛል። ይተነፍሳል መሰለኝ… አንድ ነገር ይሰማኛል… ደረጃ ላይ ሰው ይሮጣል። አባዬ፣ ማነው?… ሄሎ?… እማዬ?

— እማዬ፣ አታልቅሺ፣ በኋላ ታለቅሻለሽ። ስልኩ እጁ ውስጥ ነው፣ አንሺው… ሰማሽኝ? አለሁ። ስሚኝ፣ የምልሽን ብቻ አድርጊ። አምቡላንስ እየመጣ ነው። ትከሻውን ይዘሽ በስሙ ጥሪው፣ ጮክ ብለሽ… ምን አደረገ?… ዓይኑን ከፍቶ መልሶ ጨፈነው። አወቀሽ?… «መጣሽ» አለ። እሺ፣ ይሄ ጥሩ ነው።

— በጀርባው አይደለም። ወደ ግራ ጎኑ አጋድሚው፣ የላይኛውን ጉልበቱን እጠፊለት፣ እጁን ከጉንጩ ሥር አድርጊለት። ከከበደሽ ፒጃማውን ይዘሽ ሳቢው… አዎ፣ ፒጃማ ለብሷል። ኋላ እነግርሻለሁ። አገጩን ወደ ላይ ቀና አድርጊው፣ አንገቱ እንዳይታጠፍ። አፉ ውስጥ ምንም የለም?… እሺ። ከንፈሩን እዪልኝ። ምን ዓይነት ነው?… እንደ ወትሮው ነው። ሰማያዊ አይደለም… ፒጃማው ሳይሆን ከንፈሩ… እሺ፣ አይደለም።

— ምን?… ያንኮራፋል። እንዴት ነው የሚያንኮራፋው?… እማዬ፣ ይሄ በጣም አስፈላጊ ነው፣ ረጋ ብለሽ መልሺልኝ። ሁልጊዜ የሚያንኮራፋው ነው ወይስ የተለየ ነው? ውሃ ያለበት፣ የሚንቆረቆር፣ የሚታነቅ ዓይነት ከሆነ አሁኑኑ ንገሪኝ።

— …አታውቂም።

— እንዴት አታ… እሺ። እሺ እማዬ፣ ይቅርታ። ልክ ነሽ። ከየት ታውቂዋለሽ። እሱ ሲያንኮራፋ አንቺ ሰሌዳ ፊት ቆመሽ ነበር… እሑድም ከኋላ ክፍል ነው የሚተኛው፣ አዎ፣ በር ተዘግቶ፣ እንዳትረብሹት ተብሎ። አይዞሽ። ጥፋትሽ አይደለም። ስልኩን አፍንጫው አጠገብ አድርጊልኝ። እኔ ልስማው። አትናገሪ።

— ሚጡ፣ ሰዓት ያዢልኝ። ሠላሳ ሰከንድ። ጀምሪ በዪኝ… ጀመርሽ።

— …አንድ… 

— …ሁለት… 

— …ሦስት… አራት… 

— …አምስት… ስድስት። ሠላሳ ሞላ?… ስድስት። በደቂቃ አሥራ ሁለት ነው። እሺ። ትንሽ ነው፣ ግን ይበቃዋል።

— እማዬ? ስልኩን ወደ ጆሮሽ መልሺው። የእሱ ነው። የወትሮው ነው… እርግጠኛ ነኝ። መጀመሪያ እንጨት እንደሚሰነጠቅ ይላል፣ መሃል ላይ ያርፋል፣ ስታስቢ ያቆመ ይመስልሻል፣ ከዚያ መጨረሻ ላይ ቀጭን ፉጨት አለችው። እሷን ጠብቂ። እሷ ካለች የእሱ ነው… ሰማሻት? አየሽ።

— እኔማ አውቀዋለሁ። እኩለ ቀን ላይ ከትምህርት ቤት ስገባ ቤት ውስጥ ያለነው እኔና እሱ ነበርን። የቤት ሥራዬን የምሠራው በግድግዳው ማዶ እሱን እየሰማሁ ነው። አንዳንዴ መሃል ላይ ሲያርፍ እርሳሴን አስቀምጬ እጠብቃለሁ፣ ፉጨቷ ስትመጣ እቀጥላለሁ… አይ፣ ለማንም ነግሬ አላውቅም። ምን ብዬ እነግርሻለሁ፣ ባልሽ እንዴት እንደሚያንኮራፋ?

— መጡ? በሩ ክፍት ነው፣ ይግቡ። ሣጥኑና ጠርሙሱ ጠረጴዛው ላይ አሉ፣ አሳዪያቸው። ሦስት ክኒን በያቸው፣ ኮኛክ አንድ የሻይ ብርጭቆ፣ ባዶ ሆዱን፣ ከስምንት ሰዓት ጀምሮ። ሁለት አይደለም፣ ሦስት። ቢነቃና ሁለት ነው ቢላቸው አይመኑት።

— ምን እያደረጉት ነው?… ጣቱ ላይ መለኪያ አደረጉለት። ስንት ይላል? ቁጥሩን አንብቢልኝ… ዘጠና ሦስት። እሺ… ኦክስጅን አደረጉለት። እሺ። ጥሩ ነው እማዬ፣ ጥሩ እያደረጉ ነው… ስሙን ሲጠሩት መለሰ?… መለሰ። ተመስገን።

— ሚጡ፣ መለሰ። ለሰዎቹ ንገሪያቸው፣ ማውራት ይችላሉ… አይ፣ እህቴ፣ ማመስገን አያስፈልግም፣ ዳይፐርሽን ወስደሽ ሂጂ።

— ሄሎ፣ እማዬ፣ ሆስፒታል ደረሳችሁ?… እየሰማሁሽ ነው… ሌሊቱን እዚያ ያቆዩታል፣ ትክክል ናቸው። ክኒኑ ገና እየወጣ ነው፣ ሰው ሲሻለው ተሻለው ብሎ ጥሎ መሄድ አይደለም፣ መተንፈሱን የሚጠብቅ ሰው ያስፈልገዋል… አንቺ ትጠብቂዋለሽ? ነገ ትምህርት አለሽ… ይቅር በሉኝ ትያቸዋለሽ። በስንት ዓመትሽ ነው የምትቀሪው?… ለመጀመሪያ ጊዜ። እሺ። እኔ መዝጊያ ሰዓታችንን ሳልጠብቅ ማታ አንድ ሰዓት ላይ እመጣለሁ፣ ሱቁን ለሚጡ ሰጥቼ።

— እማዬ፣ አንቺ ስለሄድሽ አይደለም። አይደለም አልኩሽ። አንቺ እንድትመለሺ ነው… ስለ ፒጃማው እሱ ይንገርሽ። አልጋውንም አንጥፎልሻል መሰለኝ፣ ምን እንዳነጠፈ ልጠይቀው ስል ነው የተኛው።

— ወንበሩን ወደ ራስጌው አስጠጊውና ቁጭ በዪ። ሌላ ሥራ የለብሽም፣ ስሚው ብቻ። መሃል ላይ ሲያርፍ አትደንግጪ፣ ፉጨቷን ጠብቂ። ካልመጣች ነርሷን ጥሪ… 

— አዎ… አዎ እማዬ፣ ሁልጊዜም እንደዚህ ይጮኻል… ትለምጂዋለሽ… እሺ። ቻው።